ሸማኔ ያስተማረው ጊታር

ባለፈው ጥር ለአንድ ዘመዳችን ሠርግ ወደ መካነ ሰላም ስሄድ፣ ከወረኢሉ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር አንድ ዘፈን ከፈተ። ዘፋኙን አላውቀውም፤ ድምፁ ገና ልጅ ነው፣ ስለ አንዲት ልጅ ዓይን ይዘፍናል። ከግጥሙ ኋላ ግን አንድ ጊታር ነበረ። እንደ ሌላው ጊታር ድምፁን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ አይጥልም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ከወጣም በኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሳላስበው ወደ ወለሉ አጎነበስኩ። አጠገቤ የነበረችው ተማሪ ፊቴን አየት አድርጋ «እማማ፣ መኪና ያዞርዎታል እንዴ?» ብላ ፌስታል አቀበለችኝ። መኪናስ አያዞረኝም። ያን ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ጎንበስ ብዬ የሰው እግር ማየት ነው፤ ማን ባዶ እግሩን ነው፣ ማን ጫማ አድርጓል እያልኩ። ይህን ለማያውቀኝ ሰው እንዴት ብዬ ልንገር? ፌስታሉን ተቀብዬ አመሰገንኳትና እስከ መካነ ሰላም ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ተጓዝኩ።

እንኳን ያን ዘመን አሳልፌ፣ ድሮም ፈሪ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ የሺ ዝናቡ ሳይመጣ ትበሰብሳለች» ትለኝ ነበር። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ሳይንኳኳ ሲቀር ደግሞ ምነው ዛሬ ሰው ጠፋ ብዬ እጨነቃለሁ። መካነ ሰላም ያኔ አንድ ዋና መንገድ ነበራት፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ከመኪና ማቆሚያው ወረድ ሲሉ ግድግዳዋ ሰማያዊ የተቀባ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ሬዲዮዋን ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ ያስቀምጧታል፣ መንገደኛውም ቆሞ ያዳምጣል። አስተማሪዎቹ ጫፉ አፈር የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው ሲያልፉ እኛ ሴት ተማሪዎች ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን እንስቃለን። እኔ የቄስ ልጅ ስለሆንኩ ሳቄም የተመጠነ መሆን ነበረበት። አባዬ ከከተማው ዳር ባለው ደብር ይቀድሱ ነበር። ከእኔ ሁለት ዓመት የሚበልጠው ወንድሜ ደምሴ ደግሞ ዲያቆን ነው፤ ቀን ትምህርት ቤት ይማራል፣ ቅዳሴ ሲኖር ያገለግላል። ክራርም ይመታል። ይህን አባዬ እንደማያውቁ ሆነው ያውቁ ነበር።

ክፉው ቀን የመጣ ጊዜ ከበሽሎና ከዓባይ ወገን ያለው የቆላ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ደጋ ወጣ። ደጋውም ቢሆን የሚሰጠው አልነበረውም፤ ገብሱ ሳያፈራ ቀርቷል። ከትምህርት ቤታችን በላይ ባለው ሜዳ መጠለያ ተሠራ፤ ድንኳን፣ ትልልቅ በርሜል፣ በጆንያ የመጣ የእርዳታ ዱቄት። እኛ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ገንፎ በማደል እናግዝ ነበር። ከዚያ ሜዳ ያየሁትን ሌላውን አላነሳም፤ ባነሳው አልችለውም። የእርዳታ መኪናዎቹን የሚጠግን አንድ ረጅም ፈረንጅ ነበረ፤ አንዱ አሜሪካዊ ነው ይለዋል፣ ሌላው ከካናዳ ነው ይላል። ሥራው ጋብ ሲልለት ከድንኳኑ ደጅ አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ የመሰለ ነገር ይዘረጋል። ላዩ ላይ አሥር የብረት ክር ተወጥሯል፣ ከሥሩ ሦስት መርገጫ አለ፣ መርገጫዎቹም በቀጫጭን ዘንግ ከክሮቹ ጋር ተያይዘዋል። በግራ እጁ አንዲት ለስላሳ ብረት ክሩ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኙ ይመታል፣ በእግሩ ሲረግጥ ደግሞ አንዱ ክር ይወጠርና ድምፁ ወደ ላይ ይሳባል። ጊታር ነው አሉን። ጊታር እንደ ክራር ታቅፎ የሚመታ መሆኑን ስለምናውቅ አላመንም። ለእርዳታ እህል የመጣው ገበሬ ግን ገና ከሩቅ ሲያየው አወቀው፤ «ፈረንጅም ሸማ ይሠራል ለካ!» ብሎ ለጓደኛው አሳየው። በዚያ ሜዳ ሰው ሲስቅ ከሰማሁባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ያ ነው።

ከዚያ ለውጡ መጣ። የሻይ ቤቷ ሬዲዮ ዘፈኑን ትታ ማርሽ በማርሽ ሆነች፤ የአስተማሪዎቹም ሱሪ ጠበበ፣ ፀጉራቸውም አጠረ። አንድ ጠዋት ፈረንጁ ሻንጣውን ብቻ ይዞ እንዲሄድ ተነገረውና ጊታሩን ለትምህርት ቤቱ ትቶ ሄደ። ጊታሩ እቃ ቤት ገብቶ የተሰበረ ወንበር ሲደረደርበት ከረመ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ደግሞ በመኪና ባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ተሰቀለ። ስብሰባ በእሱ ይጠራል፣ መፈክር በእሱ ይነበባል። ጦርነቱ ሲበረታ ለሚሊሻ የተመለመሉት ሰዎች ስምም በእሱ ይነበብ ጀመር። ጡሩምባው ከመናገሩ በፊት እንደ ጉሮሮ የሚጠርግበት ድምፅ ነበረው፤ እሷን ስሰማ የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ይወድቅ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሞገስ በዚያ ጡሩምባ ተጠርቶ ሄደ። እናቱ ለሦስት ቀን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን «ስሙን በደንብ ነው የሰማችሁት?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ደምሴ በዚያው ዓመት ዕድሜው ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ጭንቀቴ አንድ ብቻ ሆነ፤ ጡሩምባው የወንድሜን ስም እንዳይጠራ። እኔ ያን ጊዜ በቀበሌው የኪነት ቡድን ከሚያጅቡት አንዷ ነበርኩ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰን፣ ቀይ መቀነት ታጥቀን እናጨበጭባለን። ቡድኑን የሚመራው መምህር አስፋው፣ ከደሴ የመጣ የሙዚቃ ፍቅር ያሳበደው ሰው ነው። አንድ ቀን ሰብስቦን ከአውራጃው ትእዛዝ መምጣቱን ነገረን። ከየአቅጣጫው የሚመጡ ኪነቶች በመካነ ሰላም ይወዳደራሉ፤ አንደኛ የወጣው የአውራጃው ኪነት ሆኖ ይቋቋማል፣ ሌላው ይበተናል። «የአውራጃው ኪነት አባል ግዳጅ ላይ ነው ማለት ነው፤ ምልመላ አይነካውም» አለ። ሌሎቹ ስለ ዘፈን ሲጠይቁ እኔ ይቺን አንዲት ቃል ይዤ ቀረሁ። መምህር አስፋው እንደ ደሴ ኪነቶች ኤሌክትሪክ ጊታር ካልኖረን አናሸንፍም ብሎ ሲተክዝ፣ እቃ ቤት ያለውን የፈረንጁን ጊታር ወንድሜ ይችለዋል አልኩት። ውሸቴን ነበር። ደምሴ ነክቶት አያውቅም። መምህር አስፋው ግን የሰጠመ ሰው ሆኖ ቃሌን ያዛትና የወንድሜን ስም ጻፈ።

ደምሴ ሲሰማ ተቆጣኝ፤ ቆይቶ ግን ጡሩምባውን ቀና ብሎ አየና «የእቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» አለ። ጊታሩን ከእቃ ቤት አውጥተን ጠረግነው። ፈረንጁ የሚያንሸራትታትን ብረት በኪሱ ይዟት ስለሄደ፣ አንድ የእህል መኪና ሹፌር ከተቃጠለ ሞተር የወጣች ለስላሳ ብረት ሰጠን። ድምፁንም የቀበሌው ሰዎች ከጡሩምባው ጋር አገናኙት። እጁ በሁለት ሳምንት ተገራ፤ ክራር መቺ ነውና ትዝታውንም ባቲውንም ክሩ ላይ ፈልጎ አገኘው። መከራው እግሩ ነበር። እጁን ሲያስብ እግሩ ይረሳል፣ እግሩን ሲያስብ እጁ ይቆማል። ሁሉንም በአንድ ላይ ሲሞክር ጡሩምባው እንደሚታረድ ፍየል ይጮህና ሰው ከየቤቱ ይወጣል። መምህር አስፋውም ላሳይህ ብሎ ቁጭ አለና ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። አራት ሳምንት ቀረን። እኔ እህል ከአፌ አልገባ አለኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝና።

ያኔ ነው የዚያ ገበሬ ነገር ትዝ ያለኝ። ከገበያው ግርጌ አያ እንድሪስ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። ባለጸጋዋም ድሃዋም ለልጇ ክርስትና ነጠላ የምታሠራው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ቤታቸው ግን ሰው አይቀመጥም። ሸማኔን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚሰድብ አገር ነው፤ የሠሩትን ለብሶ እሳቸውን ይጠየፋል። እኔም ስገባ ግራ ቀኝ አይቼ ነው የገባሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እግራቸውን ጉድጓዳቸው ውስጥ ሰድደው ተቀምጠዋል። እጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል፣ እግራቸው ከታች መርገጫዎቹን እያፈራረቀ ይረግጣል፣ ድሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አፋቸው ደግሞ ከሚስታቸው ጋር ስለ በግ ያወራል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ያ ሰላም፣ የቄሱ ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?» አሉኝ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም ሳይቀር። መወርወሪያውን አስቀመጡ።

«ያን የፈረንጁን እቃ እኔም አይቼዋለሁ። እግሩን አይቼ፣ ይኸ ሰው ሸማኔ ቢሆን ይበላበት ነበር ብያለሁ።»

«አያ እንድሪስ፣ ታዲያ እርስዎ ያስተምሩታል?»

«ጊታር አላውቅም። እግር ግን አውቃለሁ። ላኪው። ጉድጓዱ ውስጥ ይግባና ሸማ ይሥራ፤ እግሩ ከራሱ ሲፋታ ያኔ ወደ ጊታሩ ይሂድ። አብሽሪ፣ አሏህ ያግራው።»

ደምሴ ጉድጓድ ገባ። ጫማውን አስወልቀው፣ መርገጫውን በአውራ ጣቱ እንዲይዝ አድርገው አስቀመጡት። የመጀመሪያው ሳምንት ድር ሲበጥስ ዋለ። አያ እንድሪስ አይቆጡም፤ የተበጠሰውን እየቀጠሉ አንዲት ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፦ «ሁለቱን አንድ ላይ አትርገጥ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይውጣ። ሁለቱን ከረገጥህ ጨርቅ የለም።» በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ እየሸመነ ዳዊት ሲደግም ሰማሁት። ከዚያ ጊታሩ ዘንድ ሄዶ ባዶ እግሩን ተቀመጠ፤ እግሩ በራሱ ጊዜ አንዱን ጥሎ ሌላውን እያነሳ ሲሄድ፣ ከጡሩምባው የወጣው ድምፅ የፈረንጁ አልነበረም። የእኛው ሆነ። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ በስልኩ እንዲህ ያለውን ጊታር የሚመቱ ሰዎች አሳይቶኝ ነበር። ሁለቱን መርገጫ አንድ ላይ ነው የሚረግጡት፤ ጥበቡ እሱ ነው አለኝ። እኛ አላወቅንም። የሸማኔን ሕግ ይዘን ጊታሩን በግማሹ ብቻ ተጫወትንበት፣ ግማሹ ደግሞ ለአምባሰልና ለትዝታ በቂ ሆኖ ተገኘ። ልጁ «ተሳስታችኋል እኮ» ብሎ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከዚያ ስሕተት የተሻለ ዘፈን እስካሁን አልሰማሁም።

ወሬው አባዬ ጆሮ ደረሰ። ዲያቆኑ ልጅዎ ሸማኔ ጉድጓድ ገብቷል ያላቸው ማን እንደሆነ አላወቅኩም። መቋሚያቸውን ይዘው ሲወጡ እናቴ ዓይኗን አሳየችኝ፣ በአቋራጭ ሮጥኩ፤ ግን አብረን ደረስን። አባዬ ከበሩ ላይ ቆሙ። ደምሴ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ ሲያያቸው ደነገጠ፤ እጁ ቆመ፣ እግሩ ግን አልቆመም፤ ሳያውቀው መርገጡን ቀጠለ።

«እንድሪስ፣ ልጄን ምን አደረግኸው?» አሉ አባዬ።

«ይግቡ አባ፣ ኸይር ነው። እግሩን እያስተማርኩት ነው።»

«እግር ደግሞ ምን ትምህርት አለው?»

አያ እንድሪስ ድር እየቀጠሉ፣ «እርስዎ ማኅሌት ሲቆሙ አጥር ጥግ ቆሜ ሰምቼ አውቃለሁ» አሉ። «እጅዎ ጸናጽል ይዞ፣ አፍዎ እያዜመ፣ እግርዎ ከከበሮው እኩል ሲወርድ። ያ እግር ሳይማር ነው?»

እኔ መቋሚያው የሚነሳ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አባዬ ማንም በማይቀመጥበት በዚያ ቤት፣ ከመደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የደምሴን እግር ነበር የሚያዩት። ቀና ብለው «ውድድሩ ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ውስጥ የራሴን ፍርሃት ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው አባዬም ጡሩምባው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንደኔ እንደሚደነግጡ የገባኝ። ቄስ አይፈራም የሚል ነገር ማን እንደነገረኝ አላውቅም።

የውድድሩ ዕለት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰው ሞላው። ከደጎሎ፣ ከወረኢሉ፣ ከማሻ ሳይቀር በጭነት መኪና ተጭነው የመጡ ኪነቶች በየዛፉ ሥር ይለማመዳሉ። በሳንቃ የተሠራው መድረክ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ወረቀት አሸብርቋል። ሎሚናት የሚሸጡ፣ ቆሎ የሚያዞሩ፣ አዲስ ናይለን ሻሽ ያሰሩ ልጃገረዶች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ በሚለኝ ነገር መሐል ሆኜ ዓይኔ ደምሴን ብቻ ይከተላል። ጠዋት ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ለወንዶቹ የደንብ ልብስ አደለ፤ ካኪ ሱሪ፣ ካኪ ሸሚዝ፣ ከስክስ ጫማ። ደምሴ ጫማውን ብብቱ ሥር ይዞ «እኔ ባዶ እግሬን ነው የምጫወተው» አለው።

«ባዶ እግር ካለፈው ሥርዓት ጋር ቀርቷል» አለ ካድሬው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወጣት ነበር፣ የታዘዘውን የሚፈራ። «ጭቁኑ ሕዝብ ጫማ አደረገ እያልን፣ መድረክ ላይ ባዶ እግር አናወጣም። አልፈልግም ካልክ ስምህን እሰርዛለሁ።»

ስሙ ከዚህ ከተሰረዘ የት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ደምሴ ጫማውን አደረገ። ቁጥሩ ሰፊ ነበር፤ ሲራመድ ቋ ቋ ይላል። ተራችን ደርሶ መድረክ ስንወጣ፣ እኔ ከኋላ ከሚያጅቡት ጋር ቆሜ ያን ጫማ ብቻ አያለሁ። መምህር አስፋው በእጁ ምልክት ሰጠ። ደምሴ የመጀመሪያዋን ድምፅ በእጁ አወጣት፤ አማረች። ከዚያ ረገጠ። ከስክሱ ሰፊ ነውና ሁለቱን መርገጫ አንድ ላይ ይዞ ወረደ። ጡሩምባው ውስጥ ማናችንም የማናውቀው ባዕድ ድምፅ ተነሳ። ሊያርም ብሎ እግሩን አነሳ፣ እንደገና ረገጠ፣ እንደገና ሁለቱን። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ደምሴ እጁን ከክሩ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረ። ካድሬው ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ አየሁት። እንዲያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልያዘኝም።

ያኔ ነው አባዬ ከሽማግሌዎቹ መሐል የተነሱት። ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ መስቀላቸውን እንደያዙ የመድረኩን ደረጃ ወጡ። ሰዉ ሳቁን አቆመ። ልጃቸውን ሊገሥጹ፣ ጎትተው ሊያወርዱ ነው ያልን ብዙ ነን፤ ደምሴም እንደዚያ መስሎት ከወንበሩ ሊነሳ ነበር። አባዬ መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው ከተቱና ሳንቃው ላይ ተንበረከኩ። ሰው ሁሉ የሚንበረከክላቸው ሰው በልጃቸው እግር ሥር ተንበርክከው የከስክሱን ክር መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ጠንክሮ በጥርሳቸው ነው የፈቱት። ቀኙን አወለቁ፣ ግራውን አወለቁ፣ ካልሲውንም ገፈው ጫማው ውስጥ ከተቱት።

ካድሬው ጠጋ ብሎ «አባት፣ እባክዎ ይውረዱ፤ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አላቸው።

«አይደለም ልጄ» አሉ። «እኔ ግን መቅደስ ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ። ሰው ከሥራው ፊት ሲቀርብ ያወልቃል። ተወው ይሥራ።»

ካድሬው ሰዉን አየ። ሰዉም አየው። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለሰ። አባዬ ጫማውን ይዘው ወረዱ፤ ደምሴም ጣቶቹን አንዴ አፍታትቶ መርገጫው ላይ አሳረፈ። ከዚያ የሆነውን በጽሑፍ ማስረዳት አልችልም። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ድምፁ ከታች ተነስቶ እየተሳበ፣ እየተለማመጠ ወደ ላይ ይደርስና እዚያ ይቆያል። ማጨብጨቤን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። እስላሙም ክርስቲያኑም እልል አለ። ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ብቻቸውን፣ አያ እንድሪስ ቆመዋል፤ እግራቸው አቧራው ላይ ከደምሴ እግር እኩል ይነሳል ይወድቃል። አመሻሹ ላይ ጡሩምባው ጉሮሮውን ጠርጎ የአሸናፊዎቹን ስም ጠራ፤ የመጀመሪያው የወንድሜ ነበር። በዚያ ጡሩምባ የተጠራ ስም ሰምቼ በደስታ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዳንን፣ አልኩ። ለእናቴ ሮጬ ሄጄ «ዳነ!» አልኳት።

ደምሴ በሁለት ሳምንቱ ከኪነቱ ጋር ሄደ። እናቴ በሶና ቆሎ ቋጠረችለት። አያ እንድሪስም ደምሴ ሲማር ራሱ የሸመነውን፣ ጠርዙ የተንጋደደ ጋቢ አምጥተው ትከሻው ላይ ጣሉለት። መምህር አስፋውም እኛ አጃቢ ሴቶችም አልተፈለግንም፣ መካነ ሰላም ቀረን። ሦስት ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ከደሴ ነው፤ ስለ ከተማው መብራት፣ ስለ ሲኒማ ቤት፣ ጊታሩን ሊያዩ ስለሚሰለፉ ሰዎች ይናገራል። ሁለተኛው ካምፕ ገባን ይላል። ሦስተኛው አራት መስመር ነበር፦ «ሠራዊቱን እንድናዝናና ወደ ግንባር እየሄድን ነው። እኛ ዘፋኞች ነን፣ አትስጉ። የሺ፣ አደራ እንዳትጨነቂ። አያ እንድሪስን ሰላም በሉልኝ።» ዘፋኝም ግንባር አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስንቱን ክፉ አስቀድሜ የምፈራ ሰው ያን አንዱን ሳልፈራው ቀረሁ። አራተኛ ደብዳቤ አልመጣም። መምህር አስፋው መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገር ጀመር። ከዓመታት በኋላ ሞገስ፣ ያ በጡሩምባ የተጠራው የጎረቤታችን ልጅ፣ ትንሽ እያነከሰ ወደ እናቱ ተመለሰ። እልልታዋ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። ሄጄ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ከልቤ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። የደምሴን ስም ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። አባዬም አንድ ቀን እጃቸውን እያዩ «ክሩን በጥርሴ ነው የፈታሁት» ሲሉ ሰምቻቸው አውቃለሁ።

ሞቱን የነገረን ስላልነበረ ተዝካር አላወጣንም። እንዴት እናውጣ? በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ሟርት ነው። አባዬ ግን በቅዳሴ ጊዜ ለመንገደኞች በሚጸለየው ጸሎት ላይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ የደምሴን የክርስትና ስም ያስገቡ ጀመር፤ ወልደ ሰንበት። በየሰንበቱ ለሕሙማን ሲጸለይ ቆመን እንጠብቃለን፣ ለመንገደኞች ሲደርስ ስሙ ይጠራል፣ ከዚያ ነው ትንፋሻችን የሚመለስ። መንግሥት እስኪለወጥ እንዲህ ቆየ። የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ እየለመነ ወደየአገሩ ሲመለስ እኔና እናቴ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ቆመን የእያንዳንዱን ፊት ስናይ ከረምን። ማንም አልመጣም፤ አባዬም ስሙን ከመንገደኞች መሐል አላወጡትም። እናቴ በዕድሜዋ ማብቂያ ላይ ጆሮዋ ከብዶ ስለነበር በየሳምንቱ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ጠሩት?» ትለኛለች። ጆሮዋ ላይ ሆኜ «ጠሩት» እላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አባዬ ከአንድ የተቀደደ የወታደር ካፖርት ከለበሰ ሰው ጋር ተቀምጠው አየሁ። ለማኝ መስሎኝ አለፍኩ። አባዬ ቤት ሲገቡ እራት አልፈልግም ብለው ተኙ፤ ያመማቸው መሰለኝ። በማግሥቱ ራሳቸው ቀደሱ። ለሕሙማን ተጸለየ። ለመንገደኞች ሲደርስ እኔና እናቴ እንደልማዳችን ነጠላችንን ሰብሰብ አድርገን ጠበቅን። የወንድሜ ስም አልመጣም። አርጅተዋል፣ ረሱት ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን የነጠላዬን ጫፍ አልለቀቅኩም። ቅዳሴው ቀጠለ። ለሙታን ወደሚጸለየው ጸሎት ደረሱ። አባዬ እዚያ ላይ ቆሙ። ዲያቆኑ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ፤ ወልደ ሰንበት።

እናቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ጠሩት?» አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ «ጠሩት፣ እማዬ» አልኳት።

«ተመስገን» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መቅደሱ ዞረች።